የአሉሚኒየም የዱቄት ቀለም፦ አሠራሩ፣ የጥራት መለያውና አያያዙ

በከተሞች የሚገነቡ ሕንፃዎች የፊት ገጽታ፣ የሱቅ በሮች፣ የመስኮት ክፈፎችና የቢሮ ክፍልፋዮች በብዛት በአሉሚኒየም ይሠራሉ። በገጠርም አዲስ ቤት የሚሠራ አርሶ አደር ለበርና ለመስኮት አሉሚኒየምን ከእንጨትና ከብረት ጋር ማማረጥ ጀምሯል። ገዥው በቅድሚያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ነጩን፣ ቡናማውን፣ ግራጫውን ወይም እንጨት መሳዩን መርጦ በዋጋ ይደራደራል።

የቀለሙን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ሁለት የማይታዩ ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት አሉሚኒየሙ የታጠበበትና የተዘጋጀበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ከተረጨ በኋላ በምድጃ ውስጥ ያገኘው ሙቀትና የቆየበት ጊዜ ነው። ሁለቱ በአግባቡ የተሠሩለት በርና ሁለቱ የተጓደሉበት በር በተገዙበት ዕለት አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው ክረምትና በጋ ከተፈራረቁባቸው በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ በሩም ተገጥሟል። ስለዚህ ገዥው አሠራሩን በመጠኑም ቢሆን ማወቁ ይጠቅመዋል።

የዱቄት ቀለም ምንድን ነው?

በገበያ ላይ ፓውደር ኮቲንግ ወይም ኤሌክትሮስታቲክ ቀለም እየተባለ የሚጠራው ይህ ቀለም ፈሳሽ የለውም። ሬዚን የሚባል ሰው ሠራሽ ሙጫ፣ ማጠንከሪያ፣ ቀለም ሰጪ ቅንጣትና ሌሎች ተጨማሪዎች በሙቀት ተዋሕደው ከቀዘቀዙ በኋላ ተፈጭተው የሚገኝ የላመ ዱቄት ነው። አብዛኞቹ ቅንጣቶች ከ10 እስከ 100 ማይክሮን ስፋት አላቸው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

የተለመደው የዘይት ቀለም በአኳራጅ ወይም በቲነር ቀጥኖ ይቀባል፤ ማቅጠኛው ተንኖ ሲያልቅ ይደርቃል። የዱቄት ቀለም ግን የሚተን ማቅጠኛ የለውም። በሙቀት ይቀልጣል፣ ይያያዛል፣ ከዚያም በኬሚካዊ ትስስር ይጠነክራል። ጭቃ በእሳት ተተኩሶ ሸክላ ከሆነ በኋላ ውኃ ቢነካው ወደ ጭቃነት እንደማይመለስ ሁሉ፣ በሚገባ የጠነከረ የዱቄት ቀለምም ዳግም ቢሞቅ አይቀልጥም።

አሠራሩ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከጀርመናዊው ኤርዊን ጌመር ሥራ ጋር ተያይዞ ይነሳል። በዚያን ጊዜ የጋለ ብረት በአየር እየተናጠ በሚንሳፈፍ ዱቄት ውስጥ ይነከር ነበር። በ1960ዎቹ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚረጭበት ዘዴ ሲስፋፋ ስስና እኩል ሽፋን ማግኘት ተቻለ። ዛሬ ለአሉሚኒየም የሚሠራበት ይኸኛው ዘዴ ነው።

አሉሚኒየም ለምን ቀለም ያስፈልገዋል?

አሉሚኒየም ክብደቱ የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። እንደ ብረት አይዝግም፤ አየር እንደነካው በራሱ ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል፤ ይህም ሽፋን ከሥሩ ያለውን አካል ይጠብቃል። ቢቧጨርም ሽፋኑ ወዲያው ይተካል።

ይህ የተፈጥሮ መከላከያ ግን ወሰን አለው። ጠንካራ አሲድ፣ እንደ ኖራና እርጥብ ሲሚንቶ ያሉ አልካላይ ነገሮች እንዲሁም ጨው ሽፋኑን ያፈርሱታል። በዚህ ጊዜ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ያወጣል፣ ይቦረቦራል፣ ገጽታውም ይደበዝዛል። ቀለም የሚቀባውም ለውበት ብቻ ሳይሆን እነዚህን ነገሮች ከአካሉ ለማራቅ ነው።

ከዱቄት ቀለም ሌላ አኖዳይዚንግ የሚባል አማራጭ አለ። በዚህ ዘዴ አሉሚኒየሙ በአሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የራሱ የኦክሳይድ ሽፋን እንዲወፍር ይደረጋል። ከላይ የተቀባ ነገር ባለመኖሩ አይላጥም። የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳዎች ክፈፍ ብዙውን ጊዜ በዚህ ዘዴ የተሠራ ነው። ይሁንና የቀለም ምርጫው ጠባብ ነው፤ ኖራና ሲሚንቶም ይጎዱታል። የዱቄት ቀለም በአንጻሩ የፈለጉትን ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ፣ የፈዘዘ ወይም ሻካራ ገጽታ ያስገኛል።

የማይታየው ሥራ፦ ማጠብና ማዘጋጀት

ከፋብሪካ የወጣ አሉሚኒየም ንጹሕ ቢመስልም ዘይት፣ አቧራና የእጅ ወዝ አለበት። ያረጀው የኦክሳይድ ሽፋንም ወጣ ገባ ነው። ቀለም በዚህ ላይ ቢረጭ የሚጣበቀው ከአሉሚኒየሙ ጋር ሳይሆን ከቆሻሻው ጋር ነው።

ስለዚህ ሥራው በደረጃ ይከናወናል። በመጀመሪያ ዘይቱ በማጽጃ ኬሚካል ይለቀቃል፤ በውኃም ይታጠባል። ቀጥሎ በአልካላይ ወይም በአሲድ የላይኛው ስስ ገጽ ይነሳል። በአውሮፓ የሚታወቀው የኳሊኮት የጥራት መለኪያ በዚህ ደረጃ ከአንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ ቢያንስ 1 ግራም አሉሚኒየም እንዲነሳ ይጠይቃል፤ ጨዋማ ባሕር አጠገብ ለሚገጠም ሥራ ደግሞ 2 ግራም። ከዚያ በኋላ ቀለሙንና አሉሚኒየሙን የሚያስተሳስር ስስ ኬሚካዊ ንብርብር ይሠራለታል።

ለዚህ ንብርብር ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው ክሮሜት ነው፤ በአሉሚኒየሙ ላይ ወርቃማ ቢጫ መልክ ይተዋል። ዋና ንጥረ ነገሩ የሆነው ባለስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካንሰር አምጪ መሆኑ ስለተረጋገጠ ብዙ ፋብሪካዎች በቲታኒየምና በዚርኮኒየም ላይ ወደተመሠረቱ ኬሚካሎች ተሸጋግረዋል። እነዚህ ብዙ ጊዜ ቀለም ስለሌላቸው ሥራው መሠራቱን በዓይን ማረጋገጥ ይከብዳል።

የመጨረሻው እጥበት ጨውና ማዕድን በተወገደለት ውኃ መሆን አለበት። ተራ ውኃ ሲደርቅ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚቀረው ነጭ ቅሪት ያለ ማዕድን ትቶ ያልፋል። ከቀለም ሥር የቀረ ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። ቀለሙ ካበጠ ወይም ቅርፊት እየሆነ ከተነሳ መንስኤው በአብዛኛው የዚህ ደረጃ ጉድለት ነው።

አንዳንድ የሥራ ቤቶች እነዚህን ደረጃዎች በጨርቅና በቲነር በመወልወል ወይም በብርጭቆ ወረቀት በመፈተግ ይተኳቸዋል። ይህ ወጪና ጊዜ ይቀንሳል፤ ቀለሙም በመጀመሪያ ይይዛል። ኬሚካዊ ትስስር ስለሌለው ግን በተቆረጠ ጫፍና በብሎን ቀዳዳ በኩል የገባ እርጥበት ቀስ በቀስ ያስለቅቀዋል።

ርጭትና ምድጃ

የታጠበውና የደረቀው አሉሚኒየም ከመሬት ጋር በሽቦ ተገናኝቶ ይሰቀላል። ዱቄቱ ከመርጫው ሲወጣ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ቮልት፣ ኃይል ይሞላል። ኃይል የያዘው ቅንጣት ወደ ተሰቀለው አካል ይሳባል፤ ዞሮም ጀርባውን ጭምር ይሸፍናል። ያልተጣበቀው ዱቄት ተሰብስቦና ተነፍቶ እንደገና ጥቅም ላይ ስለሚውል ብክነቱ ከፈሳሽ ቀለም ርጭት እጅግ ያነሰ ነው።

በዚህ ደረጃ የሚያስቸግረው ጠባብ ማዕዘንና ጎድጓዳ ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ወጣ ባሉት ጠርዞች ላይ ስለሚያተኩር ዱቄቱ ወደ ውስጠኛው ማዕዘን በቀላሉ አይገባም። ጥራት የጎደለው ሥራ በመጀመሪያ የሚታወቀውም በውስጠኛ ማዕዘኖቹ ስስነት ነው።

ከርጭት ወደ ምድጃ ይገባል። ለአብዛኞቹ የዱቄት ዓይነቶች ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ትክክለኛው መጠን በዱቄቱ አምራች መመሪያ ላይ ተጽፏል። ደቂቃው መቆጠር ያለበት የምድጃው አየር ከሞቀ ጀምሮ ሳይሆን አሉሚኒየሙ ራሱ የተባለው ሙቀት ላይ ከደረሰ ጀምሮ ነው። ምጣዱ ሳይግል የተጋገረ እንጀራ ዓይን እንደማያወጣ ሁሉ፣ ወፍራም ፕሮፋይል ሳይግል ከምድጃ ከወጣ ቀለሙ ይቀልጣል እንጂ አይጠነክርም። ሲያዩት ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ይሆናል፤ ትንሽ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ከመጠን በላይ የቆየ እንደሆነም ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል።

ሲጠናቀቅ የቀለሙ ውፍረት ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ይህ ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት እምብዛም የማይበልጥ ነው። በርና መስኮቱን ለዓመታት ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከአቧራ የሚጠብቀው ይህ ስስ ሽፋን ነው።

እንጨት የሚመስለው ገጽታ የሚገኘው መሠረት የሆነው የዱቄት ቀለም ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። የእንጨት ምስል የታተመበት ስስ ፊልም ይጠመጠምበትና ዳግም ይሞቃል፤ በሙቀቱ ምስሉ ወደ ቀለሙ ውስጥ ይሰርጻል። ጥንካሬው በሥሩ ባለው ቀለም ላይ የተመሠረተ ነው።

የውጭና የውስጥ ዱቄት

ሁሉም የዱቄት ቀለም ለፀሐይ አይሆንም። ኢፖክሲ የሚባለው ዓይነት ኬሚካልን አጥብቆ ይቋቋማል፤ ይሁን እንጂ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው በአጭር ጊዜ ይፈዛል፣ እንደ ጠመኔም ይበናል። ኢፖክሲና ፖሊስተር ተቀላቅለው የሚሠሩት ደግሞ ለቤት ውስጥ ዕቃ ይስማማሉ። ለውጭ በር፣ ለመስኮትና ለሕንፃ ገጽታ የሚያስፈልገው ለውጭ አየር ተብሎ የተሠራ ፖሊስተር ነው።

ልዩነቱ በደጋማ አካባቢዎች ይበልጥ ይገናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በየ1 ሺህ ሜትር ከፍታ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 800 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የደጋ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ቀለምን የሚያፈዝዘው ጨረር በዚያ ይበረታል።

ኳሊኮት የዱቄት ቀለሞችን የሚመድበው ናሙናዎች ፀሐይና እርጥበት በሚበዛበት በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ደጅ ላይ ተሰጥተው በሚያሳዩት ጽናት ነው። አንደኛው ክፍል ለ1 ዓመት፣ ሁለተኛው ለ3 ዓመት፣ ሦስተኛው ለ10 ዓመት ይፈተናሉ። ቁጥሮቹ የፈተናው ጊዜ እንጂ የቀለሙ ዕድሜ አይደሉም። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል አማካይ ውፍረቱ ቢያንስ 60 ማይክሮን መሆን ይኖርበታል፤ ከተለኩት ቦታዎችም አንዱ እንኳ ከዚህ 80 በመቶ፣ ማለትም ከ48 ማይክሮን፣ በታች መውረድ የለበትም።

ድፍንና ድርብርብ ፓነል

ለሕንፃ ገጽታ የሚውሉ የአሉሚኒየም ፓነሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ድፍን ፓነል ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነ ወፍራም ሉህ ነው። ተቆርጦ፣ ታጥፎና ተበስቶ ከተጠናቀቀ በኋላ በዱቄት ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ በዚህም ጠርዙና ቀዳዳው ሳይቀር ይሸፈናል።

ድርብርብ ፓነል ደግሞ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ሉሆች መካከል ሌላ ቁስ የያዘ ነው። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ በቀረበው አሉኮቦንድ የንግድ ስም ሁሉም ዓይነት አሉኮቦንድ እየተባለ ይጠራል። የተለመደው ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእያንዳንዱ ሉህ ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ረከስ ያሉት ከዚህም ይሳሳሉ። ውስጡ ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ከሆነ በዱቄት ቀለም ምድጃ ሙቀት ይቀልጣል። ስለሆነም የድርብርብ ፓነል ሉሆች የሚቀቡት ከመጣበቃቸው በፊት፣ ብዙውን ጊዜም በፈሳሽ ቀለም ነው። ድርብርቡን ፓነል ከተጣበቀ በኋላ የዱቄት ቀለም እንደሚቀባ ለሚናገር ሻጭ ገዥው ማብራሪያ ሊጠይቀው ይገባል።

በዚህ ፓነል ላይ ከቀለሙ የሚቀድመው ጥያቄ የውስጡ ቁስ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ጁን) በለንደን በግሬንፌል ታወር በተነሳው እሳት 72 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የተካሄደው ይፋዊ ምርመራ ለእሳቱ በሕንፃው ውጫዊ ገጽ ላይ መዛመት ዋነኛ ምክንያት የፓነሎቹ የፖሊኢትሊን ውስጥ መሆኑን ገልጿል። ለፎቅ ሕንፃ ፓነል የሚያዝ ባለንብረት እሳት የሚቋቋም ወይም የማይቀጣጠል ውስጥ ያለው መሆኑን በሰነድ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በአገጣጠምም አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሚለጠጥ ማሰብ ያስፈልጋል። የ2 ሜትር ፓነል ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢለዋወጥ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ለዚህ የሚሆን ክፍተት ካልተተወለት ይቆለመማል፣ ቀለሙም በብሎኖቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል።

ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አንድ ገዥ ላቦራቶሪ ባይኖረውም ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ፍተሻዎች አሉ። ሁሉም በተቆራጭ ናሙና ላይ መደረግ አለባቸው፤ በተጠናቀቀው ሥራ ላይ ከተሞከሩ ያበላሹታል።

ቀዳሚው ጥያቄ ነው፦ ዱቄቱ ለውጭ የተሠራ ፖሊስተር ነው ወይ? ከርጭት በፊት ምን ዓይነት እጥበት ተደረገ? ዋስትናው መላጥንና መፍዘዝን ይጨምራል? መልሱ በደረሰኝ ወይም በውል ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ከቃል ተስፋ ይሻላል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ውስጠኛ ማዕዘኖች፣ ጠርዞችና ጀርባው በብርሃን ይታዩ። እንደ ብርቱካን ልጣጭ የጎረበጠ ገጽ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ወይም አሉሚኒየሙን የሚያሳይ ስስ ቦታ የጉድለት ምልክት ነው።

ሦስተኛው የመጣበቅ ፍተሻ ነው። በስለታም ምላጭ አሉሚኒየሙ እስኪደርስ ድረስ በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስድስት መስመር ወደ ጎን፣ ስድስት መስመር ወደ ታች ይሰመራል። ጠንካራ ፕላስተር ተለጥፎበት ይነሳል። ትናንሾቹ አራት ማዕዘኖች ከፕላስተሩ ጋር ከተነሱ ዝግጅቱ ወይም ሙቀቱ ጎድሎ ነበር ማለት ነው።

አራተኛው የመብሰል ፍተሻ ነው። ጥጥ በቲነር ተነክሮ ናሙናው 30 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይታሻል። በሚገባ የጠነከረ ቀለም በመጠኑ ሊፈዝ ይችላል፤ ነገር ግን አይለሰልስም፣ በጥፍርም አይጫርም።

ብዙ ሥራ የሚያዝ ተቋራጭ ወይም የቤት ማኅበር ደግሞ የውፍረት መለኪያ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ መጠየቅ ይችላል። መሣሪያው ቀለሙን ሳይጎዳ በቅጽበት ማይክሮኑን ያሳያል፤ ለአሉሚኒየም ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት።

አያያዝ በከተማና በገጠር

ጥሩ ቀለምም ያለ አያያዝ አይቆይም። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አቧራ በሚበዛበት መንገድ ዳር ደግሞ ከዚያ በላይ፣ በንጹሕ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይበቃል። በረኪና፣ ቲነር፣ አሴቶን፣ የዱቄት ማጽጃና እንደ ሽቦ ያለ ሻካራ መፈተጊያ አይመከሩም።

በግንባታ ጊዜ ትልቁ ጠላት ሲሚንቶና ኖራ ነው። የልስን ሥራ ሳይጠናቀቅ የተገጠመ በርና መስኮት በፕላስቲክ መሸፈን አለበት። የተረጨበት ሲሚንቶ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ መታጠብ ይገባዋል፤ ከደረቀ በኋላ ሲፋቅ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። መከላከያ ፕላስቲኩም ግንባታው ሲያልቅ ቶሎ ይነሳ፤ ፀሐይ ላይ ከቆየ ሙጫው ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል።

በአርሶ አደሩ ቤት ደግሞ ማዳበሪያ፣ የከብት ሽንትና እበት ይጨመራሉ። የማዳበሪያ ከረጢት በአሉሚኒየም በር ላይ ተደግፎ መቀመጥ የለበትም፤ ጨውነት ያለው ብናኙ እርጥበት ሲያገኝ በተጫረው ቦታ በኩል ይገባል። በበረት አቅራቢያ ያለ በር የታችኛው ክፍሉ ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ ይመረጣል። የፀረ ተባይ መርጫ ሲታጠብም ውኃው ወደ በሩ እንዳይፈናጠቅ መጠንቀቅ ይገባል።

ማያያዣው ከስቴንለስ ስቲል የተሠራ ብሎን ቢሆን ይመረጣል። ተራ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ተነካክቶ ውኃ ሲያገኛቸው የመበላት ሂደቱ ይፋጠናል፤ የብረቱ ዝገትም ቀለሙን ያቆሽሻል።

ቀለሙ ቢጫር የዱቄት ቀለምን በቤት ውስጥ መልሶ መሥራት አይቻልም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጭረቱን አጽድቶና አድርቆ ተመሳሳይ ቀለም ባለው የውጭ ፈሳሽ ቀለም ወዲያው መሸፈን ከሥር የሚሄደውን ጉዳት ይገታል። ለዚህ እንዲረዳ የቀለሙን መለያ ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው። ሰፊ ቦታ ከተላጠ ግን አሮጌው ተነስቶ ሥራው ከእጥበት ጀምሮ መደገም አለበት፤ በላዩ ላይ መርጨት ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም።

የሠራተኞች ደኅንነት

የዱቄት ቀለም የሚተን ማቅጠኛ ስለሌለው ለሚረጨው ሠራተኛና ለአካባቢው ከፈሳሽ ቀለም የተሻለ ነው። አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በአየር ላይ የተበተነ ደቃቅ ዱቄት፣ በወፍጮ ቤት እንደሚበንነው ዱቄት ሁሉ፣ የእሳት ብልጭታ ካገኘው ሊፈነዳ ይችላል። በመሆኑም የርጭት ክፍሉ በቂ የአየር መሳቢያ ሊኖረው፣ የሚረጨው አካልና ሠራተኛው ከመሬት ጋር በኤሌክትሪክ ሊገናኙ፣ ወለሉም በየጊዜው ሊጸዳ ይገባል።

ሠራተኛው የአፍና የአፍንጫ መከላከያ፣ መነጽርና ጓንት ያስፈልገዋል። ቲጂአይሲ የሚባል ማጠንከሪያ ያለባቸው ዱቄቶች ጤናን የሚጎዱ በመሆናቸው በአውሮፓ በማስጠንቀቂያ ምልክት ይሸጣሉ፤ ብዙ አምራቾችም በሌላ ማጠንከሪያ ተክተዋቸዋል። የእጥበት ኬሚካሎች ፍሳሽ፣ በተለይም ክሮሜት ያለበት፣ ሳይጣራ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ መለቀቅ የለበትም። ወንዙ ከሥራ ቤቱ ታች ለከብት መጠጫና ለመስኖ የሚያገለግል ነውና ጉዳቱ ወደ ማሳውና ወደ ማዕዱ ይመለሳል።

በጥቅሉ ጥሩ የዱቄት ቀለም የሚጀምረው ከእጥበት ገንዳው ነው። ገዥዎች ከቀለሙ መልክ በፊት ስለ እጥበቱ፣ ስለ ዱቄቱ ዓይነትና ስለ ምድጃው ሲጠይቁ፣ ደረጃውን ጠብቆ የሚሠራው ባለሙያ ለድካሙ ተገቢውን ዋጋ ያገኛል፤ ቤተሰቡም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለአንድ በር ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናል።